አምቦ፣ ሰባት፣ ባኮ፣ ባኮ

በፊቱ «እርስዎ» እለዋለሁ። ዛሬም መንገድ ላይ ባገኘው እላለሁ፤ ሰላምታም አልነፍገውም። እዚህ ወረቀት ላይ ግን «እሱ» ነው። ስሙን የማልጽፈው ራርቼለት አይደለም። ታሪኩን የሚያውቅ የአምቦ ሰው ስሙንም ያውቀዋል፤ ለማያውቀው ደግሞ ስሙ አይጠቅመውም።

መሥሪያ ቤታችን በየዓመቱ አስተማሪዎችን ያዛውር ነበር። ክረምቱ ሲገባ ከየገጠሩ ማመልከቻ ይመጣል። የመረጃ ባለሙያዋ እኔ ነኝና የአገልግሎት ዘመናቸውን፣ የጤናና የቤተሰብ ሁኔታቸውን እያየሁ ነጥብ አሰላለሁ፤ ነጥባቸው ከፍ ያለው ዝርዝሩ ውስጥ ይገባሉ። እሱ ቡድን መሪዬ ነበር። እሱ ሲያጸድቀው ዝርዝሩ በፍላሽ ወደ ወረዳዎች ይሄድና እዚያ ታትሞ ይለጠፋል። ያቺ ወረቀት ለገጠር አስተማሪ ምን እንደሆነች የሚያውቀው ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ስሙን ፈልጎ ያጣ ሰው ነው።

በዚያ ዓመት የዝርዝሬ አንደኛ አንዲት ሴት ነበረች። ከአምቦ ወደ ወንጪ በሚወስደው መንገድ፣ ከመኪና መንገዱ ወርዶ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ባለች ትምህርት ቤት አሥራ አንድ ዓመት አስተምራለች። አስም ያለበት ልጅ ነበራት፤ ሐኪም ቤት በየወሩ አምቦ ታመላልሰው ነበር። ማመልከቻዋን ስታስገባ ልጁን ይዛው መጥታ ነበርና ሲተነፍስ የሚያሰማውን ድምፅ ሰምቻለሁ። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አምቦ። ስሟን በገዛ እጄ ተራ ቁጥር አንድ ላይ ጻፍኩት።

ዝርዝሩ የሚላክ ዕለት፣ ለምሳ ልወጣ ስል፣ «ፍላሹን ተይልኝ፤ አንዴ ዓይኔን ላሳርፍበት» አለኝ። ተውኩለት። ተመልሼ ስመጣ በፖስታ አሽጎ ሰጠኝ፤ እኔም ላኩት። ሲለጠፍ የሴትየዋ ስም የለም። በቦታዋ ሌላ ስም ገብቷል። የገባችው የእሱ ሚስት የእህት ልጅ መሆኗን የሰማሁት ብዙ ቆይቼ ነው።

አቤቱታ መጣ፤ ስብሰባ ተጠራ። እሱ ሠራተኛው ሁሉ ባለበት አስነሳኝ። «ኮምፒውተሩ የማን ነው?» አለ። የኔ ነው አልኩ። «የይለፍ ቃሉን ማን ያውቀዋል?» እኔ አልኩ። ፍላሹን በምሳ ሰዓት ወስደዋል ስለው «ምስክር አለሽ?» አለኝ። ምስክር የለኝም፤ ሁሉም ምሳ ላይ ነበሩ። ኮምፒውተሬ ላይ ያለውን ቅጂ አምጥቼ አሳየሁ፤ የሴትየዋ ስም አንደኛ ላይ ተቀምጧል። ከት ብሎ ሳቀ። «አንቺ ዘንድ ባለው ፋይል ላይ አንቺ ደስ ያለሽን ትጽፊበታለሽ፤ ይሄም ማስረጃ ሆኖ!» አለ። ሰውም አብሮት ሳቀ። ስብሰባው እስኪያልቅ ተቀመጪ ያለኝ የለም፤ ቆሜ ቀረሁ።

ያን ሳቅ አልረሳሁትም። ክፋቱ ደግሞ እውነቱን መሆኑ ነው። ፋይል ማንም ይከፍተዋል፣ ማንም ይለውጠዋል፣ ሲዘጋም ጠባሳ አይተውም። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጥተው ጊንጪ መደቡኝ። ይህ ሁሉ ግን ቢሮው በር ላይ ከጠበቀችኝ ሴት አይብስም። አስተማሪዋ ነበረች። ጮኻ አልተናገረችም። «ልጄን በዓይንሽ አይተሽው ነበር» ብላኝ ሄደች። ምደባው አንዴ ስለተፈጸመ አይነካም ተብሎ ነበር። ከዚያ ወዲያ ገበያ ላይ ሳገኛት ፊቷን ታዞራለች። ከሁሉም ሰው እሷ እንድታምነኝ እፈልግ ነበር፤ የምታምንበትን ነገር ግን በእጄ አልያዝኩም።

ጊንጪ ሁለት ዓመት ተመላለስኩ። ጠዋት ከአምቦ በሚኒባስ፣ ማታ በሚኒባስ። ኢንተርኔት ለወራት የተቋረጠበት ጊዜ ነበርና ሪፖርቱ ሁሉ በፍላሽ ነበር የሚሄደው፤ ፍላሹ በፖስታ ታሽጎ ለሾፌር ይሰጣል፣ ሾፌሩም ኪሱ ከቶት ይነዳል። እዚያ አብሮኝ የሚሠራ የመረጃ ባለሙያ ነበር፤ ቀልደኛ፣ ግን ሥራውን የሚያውቅ። የደረሰብኝን ስነግረው አንድ ቀን ኮምፒውተሩ ላይ ያንን ጥቁር መስኮት ከፈተ፤ ሥዕል የሌለው፣ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን። አንድ መስመር ጻፈና የፋይል ስም ጨመረ። ማሽኑ ስልሳ አራት ቁጥርና ፊደል ደርድሮ መለሰለት።

«ይሄ የፋይሉ አሻራ ነው፤ ሃሽ ይሉታል» አለኝ። «አሁን ፋይሉን ክፈቺና አንድ ነጥብ ጨምሪበት።»

ጨመርኩ። ትእዛዙን እንደገና ሰጠ። ስልሳ አራቱ ሁሉ ተለወጠ፤ የቀድሞውን የሚመስል ነገር አልቀረለትም። ነጥቧን አጥፍቼ ጽሑፉን ብመልሰውም አሻራው አልተመለሰም፤ ፋይሉ የተቀመጠበትን ሰዓት በውስጡ ስለሚይዝ መነካቱን ያውቃል። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ከዚያም የመጣልኝ የመጀመሪያው ሐሳብ ሥራ አልነበረም። እሱ ነበር።

የዚያን ዓመት ዝርዝር አሻራውን ወስጄ ቢሆን፣ ለሌላ ሰውም አስይዤው ቢሆን፣ ከምሳ በፊትና ከምሳ በኋላ ያለው ልዩነት በሁለት ደቂቃ ይወጣ ነበር። ይህን እያሰብኩ ጥርሴን ነክሼ ተማርኩ። ባልደረባዬ በየጠዋቱ እንዴት አደርሽ ሲል በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ?» ይለኛል፣ «ናጋ» እላለሁ፤ ቀጥሎ «ዛሬስ ማንን ልትይዢ ነው?» ይላል። ማንን እንደሆነ ያውቀዋል።

ችግሩ አሻራው ከፍላሹ ጋር አብሮ ከሄደ የለወጠው ሰው አሻራውንም ይለውጠዋል። ስለዚህ በስልክ መነበብ አለበት። በስልክ ሲነበብ ደግሞ ፊደላቱ ይምታታሉ፤ ከኤ እስከ ኤፍ ያሉ ስድስት የላቲን ፊደላት ናቸው ከቁጥሮቹ ጋር የሚደባለቁት። መላ የፈጠርነው እኔና ባልደረባዬ ነን። ፊደላቱን በአገራችን ወረዳዎች ስም ጠራናቸው፤ በኦሮምኛ ሲጻፉ በሚጀምሩበት ፊደል፦ አምቦ፣ ባኮ፣ ጨሊያ፣ ደንዲ፣ ኤጄሬ። ለስድስተኛው ከዞናችን የሚሆን ስላጣን ፊንጫን ከጎረቤት ተዋስን። «ባኮ፣ አራት፣ ጨሊያ፣ ኤጄሬ፣ ዜሮ፣ ደንዲ...» ስል አጠገቤ ያለ ሰው የአውቶቡስ መስመር የምጠራ ይመስለው ነበር።

ሁለት ዓመቴን ጨርሼ አምቦ ስመለስ እሱ እዚያው ወንበር ላይ ነበር። «እንኳን ደህና መጣሽ» አለኝ። «እንኳን ደህና ቆዩኝ» አልኩት፤ ከልቤ ነበር።

አሠራር ዘረጋሁ። ከቢሯችን የሚወጣ ዝርዝር ሁሉ ሲጸድቅ አሻራውን አወጣለሁ። መዝገብ ቤት ወስጄ የወጪ መዝገቡ ላይ፣ ደብዳቤ በሚመዘገብበት መስመር፣ ስልሳ አራቱንም በእስክሪብቶ አስጽፋለሁ፤ እኔ አነባለሁ፣ መዝገብ ያዧ ትጽፋለች፣ ማኅተም ታሳርፍበታለች። ኮምፒውተርን የማያምን ሰው እንኳ ሐምራዊ ማኅተም ያምናል። ወረዳው ፍላሹ ሲደርሰው ፋይሉን ሳይከፍት አሻራውን ያወጣና በስልክ መልሶ ያነብልኛል፤ ከገጠመ «ደርሷል፣ ተመሳክሯል» ብዬ የአንባቢውን ስም እጽፋለሁ። አንድ የወረዳ ሠራተኛ የአምድ ስፋት ለማስተካከል ከፍቶ አስቀምጦት አሻራው ስለተለወጠ ፍላሹን ከስልሳ ኪሎ ሜትር አስመልሼዋለሁ። ሰድቦኛል፤ ይስደበኝ።

ዲጂታል ፊርማውንም አመጣሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት የመፈረሚያ ቁልፍ ሠራሁ፣ አንዱ ለኔ አንዱ ለእሱ። አሻራ ፋይሉ አለመነካቱን ይናገራል፤ ፊርማው ደግሞ ያጸደቀው ማን እንደሆነ። የእሱን ፊርማ ማሳረፍ የሚቻለው የእሱን የሚስጥር ሐረግ በሚያውቅ ብቻ ነው። ሐረጉን ሲጽፍ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። አክብሬው አይደለም፤ ነገ «አይታብኛለች» እንዳይል ነው።

ሥራዬን የሚያመሰግኑ ነበሩ። እሱ ራሱ «የሷ ክታብ» እያለ ይቀልድበት ነበር፣ ሳያነብም ይፈርማል። ማንም ያላወቀው ይህን ሁሉ ያደረግኩት ለመሥሪያ ቤቱ ብዬ አለመሆኑን ነው። ወጥመድ ነበር። አንዴ የቀመሰ ደግሞ ይቀምሳል ብዬ ሦስት ክረምት ጠበቅኩ።

በአራተኛው ክረምት ዜናው መጣ። ከወረዳዎቹ በአንዷ የተለጠፈ ዝርዝር ላይ የአንዲት አስተማሪ ስም ወጥቶ ሌላ ገብቷል። ልክ እንደዚያ ጊዜው። ከላይ ሦስት አባላት ያሉት አጣሪ ኮሚቴ መጣ። ዝርዝሩን ያጸደቀው እሱ ነውና፣ ጡረታ ሊወጣ ዓመት የቀረው ሰው ከሥራ ሊባረር ነው ተባለ፤ ሠራተኛው በየበሩ «የለመደ እጅ» እያለ ያንሾካሹካል። የድሮውን ነገር ለካ ሁሉም ያውቁ ነበር።

ደስታዬን አልደብቅም። መዝገቡን ይዤ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ፣ እሱ ፈርሞ የላከውን ፋይል አወጣሁ፣ ትእዛዙን ጻፍኩ። ከመዝገቡ ጋር ገጠመ። ስህተት መስሎኝ ደገምኩት። ገጠመ። የወረዳዋን ፋይል አስመጥቼ አሻራውን አወጣሁ፤ አይገጥምም። የስልኩን ማስታወሻ አየሁ፤ በደረሰ ዕለት ተነቦ ተመሳክሯል። እሱ የላከው ትክክለኛውን ነው። የተነካው ወረዳ ከደረሰ በኋላ ነው። በዚህኛው ንጹሕ ነበር።

ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ኮሚቴው ስለ አሻራ አልሰማም። እሱም ክታብ ብሎ ከቀለደ ወዲያ ነገሩን ረስቶታል፤ እሱን የሚያድነው መስመር እኔ ጠረጴዛ ላይ መሆኑን አያውቅም። ምንም ማድረግ አይጠበቅብኝም፤ ዝም ማለት ብቻ። መዝገቡን ዘግቼ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ዝም ልል ነበር፤ አልዋሽም። ግን ዝም ካልኩ እሱ በዚያ ስብሰባ ላይ ስለኔ የተናገረው እውነት ሊሆን ነው። ማስረጃን ለራሷ እንዲመቻት የምታደርግ ሴት እሆናለሁ። ያንን ደስታ ልሰጠው አልፈለግኩም። በዚያ ላይ ወረዳ ላይ ስሟ የተፋቀ አስተማሪ አለች።

ስለዚህ ላድነው ወሰንኩ፤ በነጻ ግን አይደለም።

ኮሚቴው ፊት ኮምፒውተሬን አቅርቤ ነገሩን ካስረዳሁ በኋላ «መዝገቡን እሳቸው ያንብቡት፤ እኔ ካነበብኩ የሚመቻትን አነበበች ይባላል» አልኩ። ሰብሳቢው ተስማማ። «ቆመው ቢሆን ይሰማል» ብዬ ጨመርኩ። ቆመ። መነጽሩን አደረገ። ፊደላቱን እንዴት እንደምንጠራ ነገርኩት፤ እየተንተባተበ ጀመረ፦ «ሦስት፣ ኤጄሬ፣ ዘጠኝ፣ ባኮ...» ሃያዎቹ ላይ ሲደርስ አንዱን ዘለለ።

«ከመጀመሪያው» አልኩ።

እንደገና ጀመረ። አርባ ገደማ ላይ መስመሩ ጠፋበት። «ከመጀመሪያው።» ላቡን በመዳፉ ጠረገ። ሰብሳቢው «እስከዚህ ከገጠመ አይበቃም?» ሲል «ስልሳ አራቱም ካልተነበበ አይቆጠርም» አልኩት። በሦስተኛው ጨረሰ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ቀጥዬ ፊርማውን አስፈተሽኩ፤ ማሽኑ ፊርማው የእሱ መሆኑን፣ ከተፈረመም ወዲህ ፋይሉ አለመነካቱን መሰከረ። በሳምንቱ ወረዳ ላይ የነካው ሰው ተገኘ፤ አስተማሪዋም ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

በማግስቱ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። «አንቺ ባትኖሪ አልቆልኝ ነበር» አለኝ። «እግዜር ይስጥልኝ።»

«አንድ የሚፈረም አለ» አልኩት።

ቁልፉን ሊያስገባ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እንደ ልማዱ ሳያነብ የሚስጥር ሐረጉን ሊጽፍ ሲል የቁልፍ ሰሌዳውን በእጄ ጋረድኩ። «ይህን እንኳ ያንብቡት» አልኩ። ፋይሉ ውስጥ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «በዚያ ዓመት የዝውውር ዝርዝሩን የቀየርኩት እኔ ነኝ፤ እሷ አልነካችውም።» አነበበው። መነጽሩን አወለቀ። አልካደም፤ አልተቆጣም። «ይሄማ አይፈረምም» ብሎ ተነሥቶ ወጣ።

እኔም የዚያን ፋይል አሻራ አወጣሁና መዝገብ ቤት ሄድኩ። አነበብኩ፣ መዝገብ ያዧ ጻፈች፣ ማኅተም አረፈበት። በፊርማው ዓምድ ባዶ፤ በማስታወሻው «ለፊርማ ቀርቧል፣ አልተፈረመም» ተባለ። ከስልሳ አራት ቁጥርና ፊደል ውስጥ ዓረፍተ ነገሩን አንብቦ ማውጣት የሚችል የለም። እኔና እሱ ብቻ እናውቀዋለን። ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጨረሻ መዝገቡ ሊታይ ሲቀርብለት ያችን ገጽ ቶሎ ብሎ ይገለብጣል።

ጡረታ ሲወጣ ርክክብ ሆነ። አዲሱ ቡድን መሪ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ፣ ነገሩን የሚያውቅ፣ ጥንቁቅ ሰው ነበር። እያንዳንዱን ፋይል አሻራውን እያወጣ ከመዝገቡ ጋር አመሳከረ። እኔም እዚያ ነበርኩ፤ በማስረከቡ ላይ የባለሙያ ፊርማ ያስፈልጋል። ያቺ ያልተፈረመችው መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይህ ፋይል ከመዝገቡ ጋር ይገጥማል፤ ፊርማ ግን የለውም። ያውቁታል?» ሲል ጠየቀው።

«አውቀዋለሁ» አለ።

«በውስጡ የተጻፈው ትክክል ነው? ካልሆነ እዚሁ ከፍተን እንየው።»

ሰውየው ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ። እኔም አየሁት፤ አልረዳሁትም።

«ትክክል ነው» አለ።

አዲሱ ኃላፊ «በፋይሉ የተጻፈው ትክክል መሆኑን አስረካቢው አረጋግጠዋል» ብሎ ጻፈና መዝገቡን አዞረለት። ፈረመ። የእስክሪብቶ ፊርማ ነው፤ ለኔ ይበቃኛል።

ቅዳሜ የገጹን ፎቶ ኮፒና የዓረፍተ ነገሩን ህትመት ይዤ ወደ ወንጪ በሚወስደው መንገድ ሄድኩ። ሁለቱን ሰዓት በእግሬ ወረድኩት። አስተማሪዋ አሁንም እዚያው ናት። ከዚያ ዓመት ወዲያ አላመለከተችም፤ ልጇን አምቦ እህቷ ዘንድ ካስቀመጠችው ቆይቷል፣ በበዓል በበዓል ታየዋለች። በሩ ላይ ስታየኝ ፊቷን ልታዞር ነበር። ወረቀቱን ዘረጋሁላት። ዓረፍተ ነገሩን አነበበች፣ ፊርማውን አየች፤ ከዚያ ቁጥሮቹ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይሄስ ምን ይላል?» አለችኝ።

ነገሩን አስረዳኋት። «በይ አንብቢው» አለችና አግዳሚው ላይ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። እንደ ስልኩ ጊዜ፣ ቀስ ብዬ፣ ስልሳ አራቱንም አነበብኩላት፤ «አምቦ፣ ሰባት፣ ባኮ፣ ባኮ...» እያልኩ። በጣቶቿ አንዳች ነገር ትቆጥር ነበር። ስጨርስ እጇን ጨበጠችው።

«አምቦን አምስት ጊዜ ጠራሽው» አለችኝ። «አንድ ጊዜ ይበቃኝ ነበር።»